«ታረቁ» ተብለው ተጨባበጡ፤ ልጄ ግን ትምህርት ቤት አልሄድም አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ልጄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲናገር ይንተባተባል። ዘንድሮ ሦስት የክፍሉ ልጆች «ኔትወርክ» የሚል ስም አወጡለት። መምህር አስነሥቶ ሲያስነብበው ከኋላ «ኔትወርክ የለም!» ይላሉ፣ ክፍሉ በሳቅ ያውካል። የታክሲ ብሩንም ሁለቴ ቀምተውታል። ሳመለክት ቢሮ ጠርተው «ተረባ ነው፣ ታረቁ» ብለው አጨባበጧቸው። ከዚያ ወዲህ ባሰባቸው፤ «አሳባቂ» የሚል ስም ተጨመረለት። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። አባቱ «ወንድ ሁን፣ ምታቸው» ይለዋል። ትምህርት ቤት ልቀይርለት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ። ያንን ማጨባበጥ አውቀዋለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሳለሁ እናቷ እንጀራ እየጋገረች የምታሳድጋት የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዩኒፎርሟ ጭስ ጭስ ይላል፤ ባለፈች ቁጥር አራት ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው እንደተሰቀለ፣ አምስቱንም ወደ ፊት አውጥቼ አስተቃቀፍኳቸው። ተማሪው አጨበጨበ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። እስከዚያ ቀን የልጅቷን ጭስ የሚያውቀው አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ አወቀው። ከገና በኋላ አልተመለሰችም።

ዕርቅ የተጣላ ሰው ሲኖር ነው። ያንቺ ልጅ ከማን ጋር ተጣላ? በኖርዌይ ልጅ በልጆች የሚጠቃበትን ይህን ጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ዳን ኦልቬውስ ሦስት ምልክት አስቀምጦለታል፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ ተጠቂው ራሱን መከላከል አለመቻሉ። በልጅሽ ላይ ሦስቱም ተሟልተዋል። ተረባማ ተራ አለው፤ አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ። ተራው ለማይደርሰው ልጅ ተረባ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ሦስቱ እያፈጠጡበት «ይቅር በላቸው» ቢባል ምን ሊል ነበር?

ፊንላንዶች በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ በእነ ክርስቲና ሳልሚቫሊ የተዘጋጀ «ኪቫ» የሚባል እንዲህ ያለ ጥቃት ማስቆሚያ አሠራር አላቸው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገራቸው ትምህርት ቤቶች ተሠራጭቷል። ተጠቂውን ለብቻው ያነጋግሩታል። አጥቂዎቹን በየተራ፣ ከዚያም አንድ ላይ ያነጋግራሉ። ቀጥሎ መምህሩ በክፍሉ የሚወደዱ ከሁለት እስከ አራት ልጆች ጠርቶ ከተጠቂው ጎን እንዲሆኑ ይለምናቸዋል። ከሁሉ የገባኝ ይኼ ነው። የአጥቂዎቹ ዓይን ያለው በሚስቀው ክፍል ላይ ነው፤ የሚስቅለት ካጣ «ኔትወርክ የለም» ባዩ ለማን ብሎ ይጮኻል?

ይህ ደግሞ በጀት አይጠይቅም። እኔ ጡረታ ልወጣ ስል ምሳ ዕቃው እየተከፈተ የሚበላበት አንድ ልጅ ነበረኝ። የክፍሉን ሁለት ኳስ ተጫዋቾች ጠርቼ «ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጡልኝ» አልኳቸው፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ምሳዬ ተነካ የሚል ስሞታ ሁለተኛ አልመጣልኝም። ሁልጊዜ ተሳካልኝ ብል ግን ውሸቴን ነው።

አሁን አንቺ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሂጂ። ምን ቀን፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የት፣ ማን እያየ እንደሆነ ጻፊ። የታክሲ ብሩን ለብቻው ጻፊው፤ እሱ ማብሸቅ ሳይሆን ቅሚያ ነው። አንዱን ለርእሰ መምህሩ፣ ግልባጩን ለወላጅ መምህር ኅብረት አድርጊና በእጅሽ በሚቀረው ላይ አስፈርሚበት። ዳግመኛ ፊት ለፊት እንዳያገናኟቸው ጠይቂ። በዕረፍትና በመውጫ ሰዓት ብሩ የተቀማበት ቦታ ላይ የትኛው መምህር እንደሚቆምም ጠይቂ። «እንከታተላለን» ካሉሽ «መቼ?» በያቸው፤ ቀን ሳትይዢ አትውጪ። ቀኑ አልፎ ዝም ካሉ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

ይገረፉልኝ ግን እንዳትይ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይፈጸምባቸው ይላል፤ እነዚያም ልጆች ናቸው። ደግሞ በልጅሽ ስሞታ የተገረፈ ልጅ ብድሩን የሚመልሰው መንገድ ላይ ነው፣ አንቺ በሌለሽበት። እኔ ያንበረከክኳቸው ሁሉ እንዲያ ነበር ያደረጉት።

አባቱን ሰላም በይልኝ። ሦስት ለአንድ የሚያዋጣ ወንድነት አላውቅም። ከቻለ ለሁለት ሳምንት በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ይቀበለው፤ ከምክሩ መቆሙ ይሻላል።

ትምህርት ቤት መቀየሩን ለጊዜው አቆዪው። መንተባተቡ አብሮት ይሄዳል፣ አዲስ ስም የሚያወጣም እዚያ አይጠፋም። ደብዳቤሽ ውሎ አድሮ መልስ ካጣ ግን ቀይሪ፤ ሽንፈት አይደለም። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ የማንንም ስብሰባ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

የአማርኛ መምህሩን ደግሞ አንድ ነገር ለምኚልኝ። ብቻውን ከሚያስነሡት አጠገቡ ካለው ልጅ ጋር እኩል ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የሚንተባተብ ሰው ከሌላ ጋር አብሮ ሲያነብ ብዙውን ጊዜ አይደናቀፍም። ዛሬ ማታ መጽሐፉን አምጣ በይውና አንድ ገጽ አብራችሁ አንብቡ፤ ራስሽ ትሰሚዋለሽ።