እኔ ጋ ያልፋል፣ እሷ ጋ ይወድቃል

«ጋሼ፣ ሜክፋይል የሚያመነጭ ትንሽ ቢልድ ቱል ሠርቻለሁ። ቴስቶቹ እኔ ኡቡንቱ ላይ ሁሉም ያልፋሉ። ባልደረባዬ ፍሪቢኤስዲ ላይ ስታስነሳቸው ብዙዎቹ ይወድቃሉ፤ ማክ ላይ ደግሞ ሌሎች። የተበላሸው ምኑ ነው?» ይላል ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ደብዳቤ።

ወንድሜ፣ የላክልኝን አየሁት። ቱልህ ደህና ነው። ችግሩ ቴስቶችህ ላይ ነው።

ሜክፋይልን አንብቦ በውስጡ ባሉት ሕጎች መሠረት ፋይሎችን የሚሠራው ፕሮግራም ሜክ ይባላል። ሦስቱም ማሽኖች ላይ ስሙ «ሜክ» ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ አንድ አይደለም። ያንተ ጂኤንዩ ሜክ ነው። ፍሪቢኤስዲ ከ10ኛው ቅጂ ጀምሮ ቢሜክ የሚባለውን የቢኤስዲ ወገን ሜክ ይጠቀማል። ማክ ላይ ያለው ጂኤንዩ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው 3.81 ነው። አንተ ደግሞ «የሚሠራ ነገር የለም» የሚለውን መልእክት ፊደል በፊደል ትጠብቃለህ። በአሮጌውና በአዲሱ ጂኤንዩ መካከል እንኳ የጥቅስ ምልክቱ ተቀይሯል!

ስለዚህ ሜክ ያለውን ተወው፤ የሠራውን እይ። የታርጌቱ (ሜክ እንዲሠራው የምትጠይቀው ፋይል) ኮማንድ በሠራ ቁጥር አንድ ፋይል ላይ አንድ መስመር ይጨምር። ሜክን ሁለቴ አስነሳና መስመሮቹን ቁጠር። 1 ከሆነ ሁለተኛው ዙር ምንም አልሠራም ማለት ነው። 2 ከሆነ ያለ ምክንያት ደግሟል። ይህ የትኛውም ሜክ ላይ ያስኬዳል። ስህተት ስትፈትንም ሜክ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር (ኤግዚት ኮድ) የግድ 2 ይሁን ብለህ አትጠብቅ። 2 የጂኤንዩ ልማድ ነው፤ የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደንብ የሆነው ፖዚክስ የሚጠይቀው ከ0 በላይ እንዲሆን ብቻ ነው።

ቴስቱን ራሱን በሜክ ነው የምታስነሳው አይደል? እንግዲያው የውጪው ሜክ አማራጮች ሜክፍላግስ በሚባለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል በኩል ወደ ውስጠኛው ይወርዳሉ። ከደሴ ጋቢ ደርቦ ሐረጎን የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል፤ አንተም ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ሜክፍላግስንና ሜክ በሜክ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ የሚይዘውን ሜክሌቭልን አውልቅ (አንሴት አድርግ)።

አሁን እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት ያስፈጀኝን ልንገርህ። ቢሜክ ሲነሳ ኦ፣ ቢ፣ ጄ በሚሉት ሦስት ፊደላት የተሰየመ ፎልደር ካገኘ ዘሎ እዚያ ይገባና እዚያው ይሠራል። ቴስቴ «ፋይሉ የለም» እያለ ይጮሃል፣ ፋይሉ ለካ ፎልደሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ቡና ጠጥቼ ነው የነቃሁት። የላክልኝ ውስጥ ያው ፎልደር አለ፤ ስሙን ቀይረው።

ቴስቶቹ ውስጥ ያሉት ሜክፋይሎች ቀለል ይበሉ። በ% የሚጻፉ ሕጎችን ቢሜክ አያውቅም። የምንጩን ፋይል ስም የሚተካው $< በተራ ሕግ ውስጥ ዋስትና የለውም፤ የፋይሉን ስም ራሱን ጻፈው። የኮማንድን ውጤት ቫሪያብል ውስጥ የሚያስገባው != ደግሞ ጂኤንዩ ጋ የመጣው በ4.0 ስለሆነ ማኩ ላይ ይወድቅብሃል።

ፍሪቢኤስዲ ያለው ማሽን ፍለጋ አትንከራተት። ቢሜክ ኡቡንቱ ላይ በአፕት ይጫናል። የሜኩን ስም ስክሪፕቱ ውስጥ በቀጥታ አትጻፈው፤ በቫሪያብል ተቀበለው። ከዚያ ያንኑ ስክሪፕት አንዴ በሜክ፣ አንዴ በቢሜክ አስነሳው። መጀመሪያ መስመር የሚቆጥረውን ቴስት ሞክርና የወጣውን ላክልኝ።