«ለሞተው ውሻዬ ተዝካር ላውጣ ወይ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው፤ ቤቴ ወደ ጅረን በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ከእርሱ በኋላ ቤቱን የሞላልኝ «መቻል» የሚባለው ውሻችን ነበር። ለኪዳን በጨለማ ስወጣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸኘኛል፤ ቅዳሴው እስኪያበቃም ከቅጽሩ ውጭ፣ ከነዳያኑ አጠገብ ተኝቶ ይጠብቀኛል። 13 ዓመት ኖሮ ባለፈው ወር በእርጅና ሞተ። ከጓሮዬ የቡና ዛፍ ሥር ቀበርኩት። አልቅሼ ግን አልወጣልኝም። እኅቴ «ለርኩስ እንስሳ ማልቀስ ኃጢአት ነው» ብላ ተቆጣችኝ፤ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ደግሞ ቡና አፍልታ አብራኝ ተቀመጠች። ማልቀሴ ኃጢአት ነው? በ40 ቀኑ ካህን ጠርቼ ተዝካር ላውጣለት? መቃብሩ ላይ ትንሽ መስቀል ባቆምስ? የልጅ ልጄም «መቻል መንግሥተ ሰማያት ገባ?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ ምን ልበላት?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ኀዘን ነውና እንደ ኀዘን ተቀብዬዋለሁ።

ልቅሶዎ ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ የነገረው ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በጉ ነበር። ከእንጀራው ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች (2ኛ ሳሙ. 12)። ዳዊት ይህን ሲሰማ «ለአንዲት በግ ነው?» አላለም፤ ቁጣው ነደደ። ሰሎሞንም ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ጽፏል (ምሳ. 12፥10)።

እኅትዎ «ርኩስ» ያሉት ከኦሪት የመጣ ቃል ነው። ኦሪት ግን የከለከለችው እንዲህ ያለውን እንስሳ መብላትንና ለመሥዋዕት ማቅረብን ነው፤ መውደድን አልከለከለችም። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ መቻልም ከቅጽሩ ውጭ መጠበቁ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ወድቆ ሳለ ወደ ቁስሉ የቀረቡት ውሾች ነበሩ (ሉቃ. 16፥21)። እኔ ራሴ የአብነት ተማሪ ሳለሁ፣ አኮፋዳ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ስለምን ውሻ ነክሶኝ ጠባሳው እስከ ዛሬ ከቁርጭምጭሚቴ አልጠፋም። እንዲያም ሆኖ የመጽሐፉን ቃል መደበቅ አልችልም።

ተዝካሩ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ልንገርዎ። ፍትሐት ማለት መፍታት ነው። የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሥጋ ሲሞትም አትሞትም። ስለ ሥራዋም ትጠየቃለች። ስለዚህ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በዓመቱም ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ እንለምንላታለን። መቻል ምን እስራት አለበት? አልዋሸም፣ አልከዳም፣ ትእዛዝ ተሰጥቶት አላፈረሰም። የሚፈታ ነገር የለበትምና ፍትሐት የለውም። ንቀት አይምሰልዎ። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደተጻፈው እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር፤ አፋቸው የተዘጋው አዳም ከገነት በወጣበት ቀን ነው። ዝም ያሰኛቸው የእኛ በደል ነው። ምሕረት መለመን ያለብን ለእነርሱ ሳይሆን ለራሳችን ነው።

ስለዚህ ካህኑን አይጥሩ፤ እምቢ ማለት ግድ ይሆንባቸዋል፣ እርስዎም ይከፋዎታል። መስቀሉንም ይተዉት። በመቃብር ላይ የሚቆመው መስቀል የተጠመቀና ትንሣኤን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ምልክት ነው። የቡናው ዛፍ ራሱ ምልክት ይሁንልዎ። ጅማ ላይ የጓሮ ቡና በየዓመቱ ያብባል፤ እርስዎም ያብባል ብለው ይጠብቁታል።

ለ40 ቀኑ ያሰቡትን ወጪ ግን አያስቀሩ። ተዝካር ሳይሉት፣ እንጀራና ወጥ አዘጋጅተው ለእነዚያ ነዳያን ይውሰዱላቸው። ያን ደጅ ለዓመታት ከመቻል ጋር የተካፈሉት እነርሱ ናቸው፤ ምናልባትም «ዛሬ ውሻው የት ቀረ?» ብለው የጠየቁት ከዘመድ ቀድመው ይሆናል። በዚያው ዕለት ሲጸልዩ «ጌታ ሆይ፣ በጨለማ ብቻዬን ስላልተውከኝ» ብለው ያመስግኑ። ለውሻ መለመን ሥርዓት ባይሆንም፣ ስለ ውሻ ማመስገን ግን መልካም ጸሎት ነው። ጎረቤትዎንም ምሳ ይጥሯቸው፤ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው።

ልጅቱን በተመለከተ፣ አይዋሹአት። «ገብቷል» አይበሏት፤ አባቶቻችን የሚያስተምሩት የእንስሳ ሕይወት በደሙ እንደሆነችና ከሥጋው ጋር እንደምታልፍ ነው። «ጠፍቷል» ብለውም አያስደንግጧት። ጌታ ስለ ድንቢጦች ሲናገር ከእነርሱ አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም ብሏል (ሉቃ. 12፥6)። «እግዚአብሔር መቻልን አልረሳውም» ይበሏት፤ ይህ እውነት ነው፣ ለልጅም ይበቃል።

ጳጉሜን 3 ቀን፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች በዝናቡ ሲጠመቁ እርስዋንም ይዘዋት ይውጡ። ከዚያ የጦቢትን ታሪክ ይንገሯት። የጦቢት ልጅ ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ መልአኩ ሰው መስሎ መንገድ መራው፤ ውሻውም አብሯቸው ሄደ። ሲመለሱም ከኋላቸው ተከትሎ መጣ። መጽሐፉ ስሙን አልጻፈም። እርስዋ ስም ታውጣለት።