መብራት ሲሄድ የተጠየቅኳቸው፦ ኮናሚ ከሸክላ ሳጥን ጥገና እስከ ዊኒንግ ኢለቨን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ኮቺ ባለችው የፕሌይስቴሽን ቤቴ መብራት ሄደ። ዝናቡም አብሮ ስለጣለ ልጆቹ መውጫ አጡ። አንዱ ከሲዲ ልባስ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ይሄ ኮናሚ የሚለው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ጆይስቲክ እየፈታሁ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእነዚህን ድርጅቶች ታሪክ ደግሞ ሌላው የኳስ ዝውውር እንደሚከታተለው እከታተላለሁ። አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጥያቄው አላባራ አለ። ከጎን ቡና የምታፈላው ጎረቤቴም ገብታ ተቀመጠች። ያስታወስኩትን እነሆ። ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ኮናሚ የማን ነው? የቻይና ነው?

የጃፓን ነው። ካጌማሳ ኮዙኪ የሚባል የ28 ዓመት ወጣት በማርች 21 ቀን 1969 ኦሳካ አጠገብ ቶዮናካ ውስጥ ጀመረው። ሥራው ግን ጌም አልነበረም፤ ጁክቦክስ ማከራየትና መጠገን ነበር። ጁክቦክስ ማለት ሳንቲም ስትከትበት የመረጥከውን ሸክላ አንስቶ የሚያጫውትልህ ትልቅ ሳጥን ነው። ሰውየው ሳጥኑን ቡና ቤት አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሲበላሽ መጥቶ ያክማል።

እኔ ታሪኩን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ጠጋኝ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ያለውን ኑሮ ያያል። የትኛው ቁልፍ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ሳጥኑ በር አጠገብ ሲሆን ስንት እንደሚሰበስብ፣ ጥግ ሲገባ ስንት እንደሚቀንስ ያውቃል። ኮናሚ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ሳይ ያ የሳንቲም ሳጥን ከዓይኔ አይጠፋም።

ከሸክላ ወደ ጌም እንዴት ገባ ታዲያ?

ቀስ ብሎ። በ1973 ኮናሚ ኢንዱስትሪ ተብሎ በኩባንያነት ቆመና ለመዝናኛ ቤቶች የሚሆኑ ማሽኖች መሥራት ያዘ። በ1978 ቪዲዮ ጌም ውስጥ ገባ፣ በዓመቱ ወደ አሜሪካ መላክ ጀመረ። ስሙን ያስጠራው ግን 1981 ነው፤ በዚያ ዓመት «ስክራምብል» የሚባለው የበረራ ጌምና «ፍሮገር» ወጡ። ፍሮገር አንዲት እንቁራሪት መኪና የሚተራመስበትን አስፋልት አቋርጣ፣ ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ ግንድ ዘላ ቤቷ እንድትገባ የምታደርግበት ነው።

ይህን ስናገር አንዱ «ባጃጅ በሚበዛበት ሰዓት መርካቶ መሻገር ነዋ!» አለ። ከእኔ ገለጻ የእሱ ይሻላል።

የዚያን ጊዜ ጌም መሥራት ከባድ የሚያደርገው ሳንቲሙ ነበር። ማሽኑ ተጫዋቹን ቶሎ ካልጣለው ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ ባለ ቤቱ አያተርፍም። ያለ አግባብ ከጣለው ደግሞ ሰውየው ተናድዶ ይሄዳል፣ ሁለተኛ አይመጣም። «ትንሽ ብጠነቀቅ ኖሮ እኮ!» እያለ ኪሱን እንዲዳብስ ማድረግ ነው ጥበቡ። እኛ ቤት ደግሞ ይህን የሚሠራልን «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለው ሕግ ነው፤ ፈጣሪው ማን እንደሆነ እንጃ እንጂ ኪራዬን የሚከፍልልኝ እሱ ነው።

ላይ ላይ፣ ታች ታች የሚባለው ምሥጢር እውነት ነው?

እውነት ነው። ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። «የኮናሚ ኮድ» ይባላል። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የድርጅቱ ባለሙያ «ግራዲየስ» የተባለውን የመዝናኛ ቤት ጌም በ1986 ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ፣ ጌሙን መፈተሽ ነበረበት፤ ጌሙ ደግሞ ለራሱ ለሠሪው ከበደው። ስለዚህ መሣሪያ ሁሉ በአንዴ የሚሰጠው አቋራጭ ለራሱ አስገባ። ያ አቋራጭ ሳይወጣ ጌሙ ገበያ ላይ ዋለ። በኋላ በ1988 አሜሪካ የወጣው «ኮንትራ» ላይ ይኸው ኮድ 30 ነፍስ ይሰጥ ስለነበር ዓለም ሁሉ በቃሉ ያዘው። ሃሺሞቶ በ2020 አረፈ።

የፈታሽ ሥራ እኔ አውቀዋለሁ። የጠገንኩትን ጆይስቲክ ለመሞከር ሙሉ ጨዋታ የምጫወት ይመስላችኋል? ፔናሊት ብቻ መትቼ እዘጋለሁ።

ቲቸር ስለ ኒንቴንዶ ነግሮን ነበር። ኮናሚ ከእሱ ጋር ጠላት ነበሩ? *(የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው የጠየቀው)*

ጠላት ሳይሆን ጭሰኛና ባለ መሬት በለው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቤት ጌም ገበያው በሌላው የጃፓን ጌም ድርጅት፣ በኒንቴንዶ እጅ ነበር። ኒንቴንዶ ደግሞ ለእሱ መጫወቻ የሚሠሩ ድርጅቶች በዓመት ከ5 ጌም በላይ እንዳያወጡ ገደብ ጣለ። ኮናሚ የሚሸጠው ከዚያ በላይ ነበረው። ምን አደረገ? በ1988 «አልትራ ጌምስ» የሚል ሌላ ስም አቋቁሞ ትርፉን በእሱ ስም አወጣ። በወንድም ስም ሌላ ሱቅ መክፈት ማለት ነው፤ ይህን ዘዴ ለጅማ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የኒንጃ ኤሊዎቹ ጌም የወጣው በዚያ ስም ነው፤ በደንብም ተሸጠ።

ሜታል ጊር ላይ ለምንድን ነው መደበቅ የሚበዛው? መተኮስ እያለ!

ጥሩ ጥያቄ፤ ሰበቡ የማሽን ድህነት ነው። ሂዴዮ ኮጂማ በ1986 ኮናሚ ተቀጠረና የጦርነት ጌም እንዲሠራ ተሰጠው፣ ለኤምኤስኤክስ 2 ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ ግን ብዙ ወታደርና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አይችልም። ጦርነት ያለ ጥይት እንዴት ይሆናል? ኮጂማ ገለበጠው፤ ጀግናው ተዋጊ መሆኑ ቀርቶ ተደባቂ ሆነ። በ1987 «ሜታል ጊር» ወጣ። በ1998 ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ደግሞ ያንኑ ሐሳብ ለመላው ዓለም አደረሰው።

ዊኒንግ እና ፔስ አንድ ናቸው ሁለት?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ቤቱ በሁለት ተከፈለና ጫጫታ ሆነ። አንድ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ስሙ «ዊኒንግ ኢለቨን» ነው፤ የመጀመሪያው በ1995 ለፕሌይስቴሽን ሲወጣ የጃፓንን ሊግ ብቻ የያዘ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሮ በ2001 «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ሆነ፤ እኛ «ፔስ» የምንለው እሱን ነው። እዚህ የሚመጣው ሲዲ አንዴ ከዱባይ አንዴ ከየትም ስለሆነ ሁለቱም ስም አብሮ ገባ።

የሚገርመው ጌሙ ዓለምን ያሸነፈው የተጫዋቾችን ትክክለኛ ስም ሳይዝ ነው። የፊፋን ስም ከ1993 ጀምሮ የያዘው «ፊፋ» የሚባለውን ተቀናቃኝ የኳስ ጌም ይሠራ የነበረው የአሜሪካው ድርጅት ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነበር። ኮናሚ ፈቃድ ስላልነበረው ሮቤርቶ ካርሎስን «ሮቤርቶ ላርኮስ» አለው። ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተባለ። ቡድን ይዘህ ቀስ በቀስ በምታሳድግበት «ማስተር ሊግ» በሚባለው ክፍል ደግሞ ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ ሲሜሌስ የሚባሉ በምድር ላይ የሌሉ ተጫዋቾች ይሰጡሃል። እኔ ካስቶሎን ከብዙ እውነተኛ አጥቂዎች በላይ አስታውሰዋለሁ፤ በስንት ሌሊት አብሮኝ ለፍቷል!

ታዲያ ስም ሳይኖረው ለምን ተወደደ? ኳሷ ከእግር ትለያለች። በሌሎቹ ጌሞች ኳሷ ጫማ ላይ የተሰፋች ትመስል ነበር። በዊኒንግ ግን ስታቆማት ትነጥራለች፣ ስትሳሳት ታመልጥሃለች፣ ደካማ እግር ላይ ስትወድቅ ምትህ ይበላሻል። ተጫዋቹም በመልክ ብቻ ሳይሆን በአሯሯጥ ይታወቃል። ይህን የመራው ሺንጎ ታካትሱካ ነው፤ «ሲባስ» በሚለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል።

ፔስ 6 ላይ የኢንተሩ አድሪያኖ የምት ኃይሉ 99 ነበር። ከመሐል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ በግራው ከለቀቀው አበቃ። በዚህ ቤት ወንድማማቾች ተኳርፈውበታል፣ እኔም ኢንተርን መምረጥ ለተወሰነ ጊዜ ከልክዬ ነበር። ይቅር በሉኝ፣ ለሰላም ብዬ ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ አንድ ተማሪ በአርትዖቱ ክፍል ገብቶ ማልያውን ቀብቶ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ጽፎ ቡድናችንን ሠራው። ባርሴሎናን 4 ለ 1 ስንመታ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ መጣ። ሜሞሪ ካርዱ በኋላ ጠፋብኝ፤ ያገኘ ሰው ካለ ዛሬም ወሮታ እከፍላለሁ።

እንዲህ ጥሩ ከሆነ ፊፋ ለምን በለጠው?

ፕሌይስቴሽን 3 ሲመጣ ኮናሚ ዘገየ፤ የድሮውን አዲስ ልብስ አልብሶ ያመጣው መሰለ። በዚያው ወቅት ኤሌክትሮኒክ አርትስ አጨዋወቱን ከመሠረቱ አስተካከለ፤ ስምና ማልያው ደግሞ ድሮም በእጁ ነበር። ኮናሚ ከ2008 እስከ 2018 የቻምፒየንስ ሊግን ፈቃድ ይዞ ተከላከለ፣ እሱም አመለጠው። ከዚያ ከጁቬንቱስ ጋር ብቻውን ተዋዋለና ለአንድ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ ፊፋ 20 ላይ ጁቬንቱስ «ፒዬሞንቴ ካልቾ» ተባለ። መርሲሳይድ ሬድን እያሾፈ ያደገ ሰው ያን ቀን አንገቱን ደፋ።

ትልቁ ውድቀት ግን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ነው። ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ ሲለቀው ሥራው አላለቀም ነበር። የነሜሲና የሮናልዶ ፊት የዓለም መሳቂያ ሆነ፣ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነጥብ አገኘ፤ ድርጅቱም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የተስተካከለው በ2022 አጋማሽ ሳይደርስ፣ ኤፕሪል ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ፊፋና ኤሌክትሮኒክ አርትስ ተለያዩና በ2024 ፊፋ ራሱ የኤሌክትሮኒክ ዓለም ዋንጫውን በኮናሚ ኢፉትቦል አካሄደ። ሠላሳ ዓመት በር ላይ አቁሞ በመጨረሻ ግባ እንደማለት ነው።

አንተ ልጅ፣ በዚህ በልጆች ጨዋታ ብቻ ነው ይሄን ሁሉ የከበሩት? *(ጎረቤቴ ናት፣ ሲኒ እያቀበለችኝ)*

አይደለም እህቴ። በ1998 ወለል ላይ ቀስት እየረገጡ የሚጨፍሩበትን ማሽን አወጡ። በ1999 ዩጊዮ የሚባለውን የወረቀት ካርታ ጨዋታ ጀመሩ፤ እስከ 2011 ከ25 ቢሊዮን በላይ ካርድ ሸጠው በጊነስ ተመዝግበዋል። በ2001 የስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶች ያሉት ድርጅት ገዝተው ጃፓን ውስጥ ትልቅ የጂም ባለቤት ሆኑ። ከዚያ በላይ ደግሞ ለቁማር ቤቶች የሳንቲም ማሽን ይሠራሉ። እሷ ይህን ስትሰማ «ቁማር!» ብላ ሲኒዋን ተቀበለችኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም ይህን ክፍል አልወድላቸውም።

ኮጂማ ለምን ወጣ?

በ2015 ተጣሉና ተለያዩ። የዚያ ዓመት የጌም ሽልማት ላይ ሥራው ሲሸለም እሱ መድረክ ላይ እንዳይገኝ የድርጅቱ ጠበቃ እንደከለከለው አዘጋጁ በአደባባይ ተናግሯል። ለሠላሳ ዓመት ሠራተኛ እንዲህ አይደረግም ባይ ነኝ።

ኢፉትቦል ስልኬ ላይ ነፃ ነው። ታዲያ ከምን ይበላሉ?

ውስጡ ገብተህ ተጫዋች ለማግኘት የምትገዛው ነገር ስሙ ማን ነው? ኮይን! ኮዙኪ በ1969 ከሸክላ ሳጥን ሥር ያወጣ የነበረውን ሳንቲም ዛሬ አንተ በስልክህ ትከትለታለህ። አሁን ግን ሳጥኑን የገዛኸው አንተ፣ የምታስከፍለው ቻርጅም የአንተ፣ ሲሰበር የምታስጠግነውም አንተ ነህ። ለዚያ ነው በነፃ የሰጡህ። እኔንም ከገበያ የሚያስወጣኝ እሱ ነው፤ ሆኖም ጎን ለጎን ተቀምጦ በጓደኛ መሸነፍ ስልክ ላይ ስለማይገኝ ገና አልተዘጋሁም።

እዚህ አገርስ ጌም የሚሠራ አለ? *(አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ)*

አለ እንጂ። ቅኔ ጌምስ የሚባል ያገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» የሚባል ከአራጅ የምታመልጥ ዶሮ ጌም ሠርቷል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። አንቺ ሒሳብሽን አጥኚ፣ ስዕልም አትተዪ። ስትጀምሪ የምፈትሽልሽ እኔ ነኝ፣ ግን አቋራጭ አስገቢልኝ።

ጋሼ፣ የኔ ጆይስቲክ ግራ ቁልፉ ሲጫኑት አይሰማም። ይሠራል?

ውስጡ ያለው ጎማ ነው። ሰኞ አምጣው። ሽሮ የበላህበትን እጅ ግን ታጠብ በላቸው ለወንድሞችህም፣ ባለፈው ስከፍተው የወጣውን ነገር ለማንም አልናገርም።