ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ማስታወቂያው ግን ዛሬም አለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የቤት ሽያጭና ኪራይ ማስታወቂያ በሚያወጡ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች የተነሣ የደረሰ ምሬት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምረናል፤ ጸሐፊዎቹ በስም የጠቀሷቸውን ድርጅቶች ግን የእነሱን መልስ ስላልሰማን ስማቸውን አልጻፍንም።

ጥያቄ፦ ቤቴን ለመሸጥ በአንድ የታወቀ ድረ ገጽ ላይ «ልዩ ማስታወቂያ» የሚሉትን፣ ዋጋው ከተራው ማስታወቂያ ብዙ እጥፍ የሆነውን አገልግሎት ገዛሁ። በየሳምንቱ የሚደርሰኝ ሪፖርት ቤቴ ለብዙ ሺህ ጊዜ መታየቱን ይነግረኛል፤ የደወለልኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከእነሱም ግማሾቹ «እኔ ልሽጥልዎት» የሚሉ ደላሎች ናቸው። ቅሬታ ሳቀርብ «ማስታወቂያዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ቢያሳድጉት ደግሞ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ» አሉኝ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? — ቤት ሻጭ

መልስ፦ ገንዘብዎን የማስመለስ ዕድልዎ ጠባብ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ድርጅቶች በውላቸው ላይ የሚሸጡልዎት የማስታወቂያ ቦታን እንጂ ገዢን አይደለም፤ ስለ ውጤቱ ኃላፊነት እንደማይወስዱ የሚገልጽ አንቀጽም አይጠፋበትም። ሆኖም ሲከፍሉ የተገባልዎት ቃል የሚለካ ከነበረ፣ ለምሳሌ «በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለአንድ ወር ይቆያል» ወይም «በየቀኑ ወደ ላይ ይወጣል» ተብሎ ከነበረ፣ ያ ቃል መፈጸም አለመፈጸሙን ማረጋገጥ ይቻላል። በተለያዩ ሰዓቶች፣ በራስዎ አካውንት ሳይገቡና ከተቻለ በሌላ ሰው ስልክ፣ ልክ እንደ ማንኛውም ቤት ፈላጊ ሆነው የራስዎን ቤት ይፈልጉ፤ የሚያገኙትንም ቀንና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ያንሡ። «ልዩ» የሚለውን የገዛው ሰው ሲበዛ ልዩ የተባሉት ማስታወቂያዎች በተራ እየተቀያየሩ ስለሚወጡ፣ የእርስዎ ቤት በአብዛኛው ሰዓት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገጽ ላይ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዘው ሲቀርቡ የሚሰጥዎት መልስ እስካሁን ከሰሙት የተለየ ይሆናል፤ ቢያንስ የማስታወቂያው ጊዜ ያለ ክፍያ እንዲራዘምልዎት መጠየቅ ይችላሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅምዎት ግን ሪፖርቱን ራሱን መመርመር ነው። «ታየ» የሚለው ቃል በአብዛኞቹ ድረ ገጾች የሚቆጥረው አንድ ሰው ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያሽከረክር የቤትዎ ትንሿ ፎቶ በስክሪኑ ላይ ማለፏን ነው፤ ሰውየው አይቷት ይሁን ሳያያት ያለፋት አይታወቅም። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮችን ለይተው እንዲሰጡዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በዝርዝር ውስጥ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ስንት ሰው ከፈተው፣ ከከፈቱት ውስጥ ስልክ ቁጥሩን የተጫነ ወይም መልእክት የላከ ስንት ነው። ብዙ ጊዜ ወጥቶ የከፈተው ጥቂት ከሆነ ችግሩ የመጀመሪያዋ ፎቶና ዋጋው ላይ ነው። ብዙ ሰው ከፍቶት የደወለ ከሌለ ደግሞ በውስጡ የጎደለ ወይም ያስደነገጠ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ማሳደግም ይህን ጉድለት ለብዙ ሰው ከማሳየት በቀር የሚጨምረው የለም።

አንድ ብዙ ሻጭ ልብ የማይለው ነገር ልጨምርልዎት። ቤት ፈላጊዎች ፍለጋቸውን የሚጀምሩት ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ በመምረጥ ሲሆን የሚመርጡትም ድፍን ቁጥር ነው። ዋጋዎ ከድፍኑ ቁጥር በጥቂቱ እንኳ ከፍ ካለ፣ ያንን ቁጥር ጣሪያ አድርጎ ለሚፈልግ ሰው ቤትዎ ጭራሽ አይወጣለትም። የመኝታ ክፍል ብዛት የሚሞላበት ሳጥን ባዶ ከቀረ፣ ወይም በካርታው ላይ ያለው ምልክት ከትክክለኛው ቦታ ርቆ ሌላ ሰፈር ላይ ከተተከለ ውጤቱ ያው ነው፤ የከፈሉበት ማስታወቂያ ሊያዩት ከሚገባቸው ሰዎች ተደብቆ ይቀመጣል። ማስታወቂያውን የሞላልዎት የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነና ስህተቱ የእሱ ከሆነ፣ ገንዘብ ለማስመለስ ካሉዎት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የሚከራይ ቤት ስፈልግ በድረ ገጹ ላይ ደስ ያለኝን ሁሉ እየጠየቅሁ «ያ እንኳ ተይዟል፤ ሌላ ግን አለን» መባል ሰልችቶኛል። ይባስ ብሎ፣ ስለ አንድ ቤት መልእክት በላክሁ ማግስት የማላውቃቸው ሰዎች እየተፈራረቁ ይደውሉልኝ ጀመር። ማስታወቂያው ላይ «የተረጋገጠ» የሚል ምልክት ነበረበት። የሚቆጣጠራቸው የለም? — ቤት ፈላጊ

መልስ፦ የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው፤ እርስዎ ተጠቃሚ እንጂ ከፋይ ደንበኛ አይደሉም። ለምሳሌ የእንግሊዙ የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ራይትሙቭ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲመሠረት መሥራቾቹ በቤት ማሻሻጥ ሥራ ላይ የነበሩ አራት ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ገቢውንም በዋናነት የሚያገኘው አባል የሆኑ የቤት ወኪሎች በየወሩ ከሚከፍሉት ነው። ተመሳሳዩ የአሜሪካ ድረ ገጽ ዚሎው ደግሞ ለወኪሎች የሚሸጠው በአንድ አካባቢ ቤት የሚፈልጉ ሰዎችን ጥያቄ የመቀበል ዕድል ነው፤ በዚህም የተነሣ ገዢው በአንድ ቤት ገጽ ላይ ሆኖ የላከው መልእክት ቤቱን በእጁ ለያዘው ወኪል መድረሱ ቀርቶ፣ ለአካባቢው ማስታወቂያ ለከፈለ ሌላ ወኪል ሊደርስ ይችላል። የእርስዎም ስልክ ቁጥር ከአንድ ሰው በላይ የደረሰው በዚሁ ዓይነት መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ሲመዘገቡ የተስማሙበት የግላዊነት መግለጫ ላይ «ለአጋሮቻችን ልናጋራ እንችላለን» የሚል ሐረግ ይፈልጉ፤ አይጠፋም።

የተያዘው ቤት ማስታወቂያ የማይነሣበትን ምክንያት በተመለከተ ከፊሉ ስንፍና፣ ከፊሉ ቴክኒክ፣ ከፊሉ ደግሞ ተንኮል ነው። ወኪሉ አንድ ጊዜ የመዘገበው ቤት በራሱ ወደ ሌሎች ድረ ገጾች ይገለበጣል፤ ከመነሻው ሲነሣ ግን ቅጂዎቹ በየራሳቸው ጊዜ ስለሚታደሱ ለቀናት ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ ይቅር ሊባል የሚችለው ክፍል ነው። ይቅር የማይባለው፣ ውብ ፎቶና ረከስ ያለ ዋጋ ያለውን ቤት ከተያዘ በኋላም ሆን ብሎ ማቆየት ነው፤ ቤቱ ባይኖርም ስልክ ያስደውላል፤ ለደላላው ደግሞ የሚፈለገው ስልኩ ነው። «ዛሬ የወጣ» የሚለውንም አይመኑ፤ አሮጌውን ማስታወቂያ በማደስ ብቻ ቀኑ ይለወጣል።

«የተረጋገጠ» ስለሚለው ምልክት፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ምኑ እንደተረጋገጠ ነው። ብዙ ጊዜ የተረጋገጠው የማስታወቂያው አውጪ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ብቻ ሲሆን ቤቱን ሄዶ ያየው የለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከስድስት ክፍለ ግዛቶች ጋር ሆኖ ሩምስተር የተባለውን የክፍል ኪራይ መድረክ የከሰሰው ማስታወቂያዎቹን አረጋግጫለሁ እያለ አያረጋግጥም፣ በሐሰተኛ የተጠቃሚ አስተያየቶችም ደንበኛ ይስባል በማለት ነበር። መርማሪዎቹ ለሙከራ የፖስታ አገልግሎት ሕንፃን አድራሻ ሰጥተው የሚከራይ አፓርታማ ብለው ቢያስመዘግቡ ማስታወቂያው ያለ አንዳች ጥያቄ መውጣቱንና ለወራት መቆየቱን የክሱ ጽሑፍ ይገልጻል። ጉዳዩ በ2023 በስምምነት ተዘግቷል። ስለዚህ የሚቆጣጠር አለ፤ ቁጥጥሩ የሚደርሰው ግን ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

እስከዚያው የሚበጅዎት ከመደወልዎ በፊት «ይህ በዚህ የማስታወቂያ ቁጥር የወጣው ቤት ዛሬ ለመታየት ክፍት ነው?» ብለው በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ቀጥተኛውን ጥያቄ ትቶ «ይምጡና እንነጋገር» የሚል መልስ ከመጣ ቤቱ የለም ብለው ይውሰዱት። ለቤት ፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይልና ከተቻለም ሌላ ሲም ካርድ ቢያዘጋጁ፣ ቤት ባገኙ ዕለት ሁለቱንም መዝጋት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለሰባት ቀን «ነፃ ሙከራ» ብዬ የገባሁበትን የቤት ፍለጋ መተግበሪያ ከስልኬ ላይ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ከባንክ ካርዴ ግን በየወሩ ገንዘብ ይቆረጣል። ኢሜይል ብልክ የሚመልስልኝ ሰው የለም። — ተቆራጭ

መልስ፦ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ደንበኝነቱን አያቋርጥም። የተመዘገቡት በጉግል ፕሌይ ወይም በአፕል መደብር በኩል ከሆነ ማቋረጥ የሚገባዎት እዚያው በመደብሩ ውስጥ፣ ደንበኝነቶች በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ነው፤ የመተግበሪያው ድርጅት መልስ ባይሰጥም ይሠራል። በአፕል በኩል የሚጀመር ነፃ ሙከራ ደግሞ ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ ካልተቋረጠ ክፍያው ሊጀምር ይችላል። የካርድ ቁጥርዎን በቀጥታ በድረ ገጹ ላይ አስገብተው ከሆነ፣ ማቋረጥዎን የሚገልጽ ቀን ያለበት ኢሜይል ልከው ቅጂውን ለባንክዎ ያሳዩና ያልፈቀዱት ክፍያ እየተቆረጠ መሆኑን በጽሑፍ ያመልክቱ።

እግረ መንገዴን፣ ለመግባት አንድ ጠቅታ በቂ ሆኖ ለመውጣት ግን ደብዳቤና ስልክ የሚጠይቅ አሠራር በአጋጣሚ የተፈጠረ አይመስለኝም። ጀርመን ይህን አይታ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ ደንበኝነት የሚሸጡ ድርጅቶች የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያስቀምጡ በሕግ አስገድዳለች። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2024 ተመሳሳይ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በሥራ ላይ በሙሉ ሳይውል በጁላይ 2025 ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሰርዞታል።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹ ለቤቴ የራሱን የዋጋ ግምት አውጥቶ ከማስታወቂያዬ አጠገብ ለጥፎታል፤ ግምቱ እኔ ከምጠይቀው በጣም ያነሰ ስለሆነ ገዢዎች ሁሉ እሱን እያሳዩ ይከራከሩኛል። ማስነሣት እችላለሁ?

መልስ፦ በግድ ማስነሣት አዳጋች ነው። በአሜሪካ የቤት ባለቤቶች በዚሁ ምክንያት ዚሎውን ከስሰው የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ክሱን ውድቅ አድርጎታል፤ ግምት ግምት መሆኑ እስከታወቀ ድረስ እንደ ማታለል አይቆጠርም በሚል ነው። ማስተካከል ግን ይቻላል፤ ግምቱ የሚሠራው በመዝገብ ካለ መረጃ ስለሆነ የቤቱ ስፋት፣ የክፍሎቹ ብዛትና የታደሰበት ዓመት ስህተት ከሆነ እንዲታረም ያመልክቱ። ለሚከራከርዎት ገዢ ደግሞ ዚሎው ራሱ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀምሮ የወደፊቱን የቤት ዋጋ በትክክል መተንበይ እንደከበደው በመግለጽ በኖቬምበር 2021 ይህንኑ የግዢና ሽያጭ ሥራ ለመዝጋት መወሰኑን ማስታወስ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር አንድ ወጣት ሻንጣውን ይዞ በሬን አንኳኳ። ቤቴን ተከራይቶ ቀብድ መክፈሉን ነገረኝና በስልኩ ላይ ማስታወቂያውን አሳየኝ፤ ፎቶዎቹ እኔ ከዓመታት በፊት ቤቱን ሳከራይ ያወጣኋቸው ናቸው። ድረ ገጹ «ሪፖርት አድርጉ» ከማለት በቀር ያደረገው ነገር የለም። — ባለቤት

መልስ፦ ሪፖርት የሚለውን ቁልፍ መጫኑ ብቻውን አይበቃም፤ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያነበው ማሽን ነው። በማስታወቂያው ቁጥር፣ በአገናኙ፣ በስክሪንሾትና የቤቱ ባለቤት መሆንዎን በሚያሳይ ሰነድ የተደገፈ ደብዳቤ ለድርጅቱ የሕግ ክፍል በቀጥታ ይላኩ፤ በደብዳቤውም ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ። አንደኛው፣ ፎቶዎቹ የእርስዎ ሥራ ስለሆኑ በቅጂ መብት ጥያቄ እንዲነሡ ነው፤ ብዙ ድረ ገጾች ለዚህ የተለየ አሠራር ስላላቸው ከተራው ቅሬታ ይልቅ ይፈጥናል። ሁለተኛው፣ ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው የተመዘገበበት መረጃ እንዳይጠፋና ለፖሊስ እንዲቆይ ነው፤ ማስታወቂያው ተነሥቶ መረጃው ከጠፋ የሚያዝ ሰው አይኖርም።

ወጣቱን እንደ ተባባሪ አይዩት። ገንዘቡን የላከበት የሒሳብ ቁጥርና ከአጭበርባሪው ጋር የተጻጻፋቸው መልእክቶች ያሉት እሱ ዘንድ ስለሆነ፣ አብራችሁ አንድ ላይ ወደ ፖሊስ ብትሄዱ ክሱ ሙሉ ይሆናል፤ እሱም ለባንኩ ወዲያው ካሳወቀ ገንዘቡ ያለበት ሒሳብ እንዲታገድ የመጠየቅ ዕድል አለው። አሮጌ ፎቶዎችዎንም በጉግል የምስል ፍለጋ አስገብተው ሌላ የት እንደተለጠፉ ይመልከቱ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አንዱን ቤት በተለያየ ዋጋና በተለያየ ከተማ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነው። ቤቱን ዳግመኛ በሚያከራዩበት ጊዜ በእያንዳንዱ ፎቶ መሀል ላይ፣ ጠርዙ ላይ ሳይሆን፣ ስልክ ቁጥርዎን ያሳትሙበት፤ ጠርዙ ላይ ያለው በቀላሉ ተቆርጦ ይጣላል። ውሉ በተፈረመ ቀን ደግሞ ማስታወቂያውን «ተከራይቷል» ብሎ መተው ሳይሆን ከነፎቶዎቹ ማጥፋትዎን ያረጋግጡ።