ዛፉን ከመቁረጥዎ በፊት ጅራቷን ይዩ

እህታችን ቀሃ አካባቢ ባለው ግቢያቸው ባሕር ዛፍ ላይ ጭልፊት ጎጆ መሥራቷን፣ በዚያው ሰሞን ሦስት ጫጩቶች እንደጠፉባቸው ጽፈዋል። ልጆቹ ሊያዩአት ይወዳሉ፣ ባለቤታቸው ግን ዛፉ ይቆረጥ ባይ ናቸው። እኔ እዚሁ ጎንደር ከቤቴ ጀርባ ባለ ጥድ ላይ እነዚህን ወፎች ስከታተል 9 ዓመት ሆኖኛል። መጥረቢያው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጅራቷን ይዩ።

ጭልፊት እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ቢያንስ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ መላ አካሏ ቡናማ ነው፤ ጅራቷ ጫፉ ላይ እንደ መቀስ የተከፈለ ሲሆን ስትበር ግራና ቀኝ ታጣምመዋለች። ከሥጋ ቤት ደጃፍ የማትጠፋው፣ ጎጆዋን በጨርቅ ቁራጭና በፌስታል የምታስጌጠው እርሷ ናት። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ጅራቱ አጭርና የሸክላ ቀለም ያለው ነው። ሆዱ ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው፤ ሁለመናው የጠቆረም አለ። ይህኛው ምሰሶ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ሲያይ ይውላል። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እባብም አይምርም። ጫጩት አይነካም አልልም፤ በእኔ ግቢ ግን ሲያነሳ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።

ጫጩት አንሺዋ አብዛኛውን ጊዜ ባለ መቀስ ጅራቷ ናት። እኔ እንደታዘብሁት በሁዳዴ ይብስባታል። ለ55 ቀን ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ቅንጥብጣቢው ይጠፋል፣ ዓይኗም ወደየግቢው ይዞራል። የፋሲካ ዕለት በየቤቱ በግ ሲታረድ ደግሞ ዶሮን ዞር ብላም አታይ። እንግዲህ በሁዳዴ የፈለፈለች ዶሮ ካለችዎት ጫጩቶቹን ጠንከር እስኪሉ ድረስ መረብ በተዘረጋበት ጥግ ያውሏቸው። የአይጥ መርዝ ግን አደራ! መርዝ የበላች አይጥ እየተንገዳገደች ትያዛለች፣ የበላትም ወፍ ሊሞት ይችላል።

የራሴን ጥፋት ልናገር። በሦስተኛው ዓመት እንቁላሎቹን በስልክ ላነሳ ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እናቲቱ ተነስታ ከበላዬ እየዞረች ትጮህ ጀመር። ስልኩን ሳስተካክል፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ያ ትልቁ ቁራ ከአጥር ማዶ ብድግ አለ። ወደ መሰላሉ ሳልደርስ አንዱን እንቁላል በዚያ ወፍራም መንቁሩ ይዞ ከጎጆው ተነሳ፤ አስኳሉ በቅርንጫፉ ላይ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ለካ እናቲቱን እንዳስነሳለት ኖሯል የሚጠብቀው።

ከዚያ ወዲህ ከበረንዳዬ አልፌ አላውቅም። ልጆችዎም አንድ ቦታ ይምረጡና ሁልጊዜ ከዚያው ይቀመጡ፤ ወፏ የለመደችውን ሰው ብዙም አትፈራም። ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ሲወጣ ክንፋቸውን ሳያራግቡ በእርሱ ይንሳፈፋሉ። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ጎሃ ኮረብታ ይዘዋቸው ይውጡ፤ ከታች ሆነን ሆዳቸውን ብቻ የምናያቸውን ወፎች እዚያ ከላይ ቆመው ጀርባቸውን ያያሉ፣ የሸክላው ጅራትም በፀሐይ ፍም ይመስላል።

ጎጆው የባለ ሸክላ ጅራቱ ከሆነ እናቲቱ ወደ 40 ቀን ትታቀፋለች። ሁለት ጫጩት ከወጣ ትልቁ ትንሹን ሲደበድብ ሊያዩ ይችላሉ፤ ልጆቹን ቀደም ብለው ያዘጋጁ፣ የእኔዋ ታናሽ ሁለት ቀን አልቅሳለች። በረራ የሚለማመድ ጫጩት መሬት ላይ ቢያገኙ ወደ ቤት አያስገቡት። ወላጆቹ እዚያው መጥተው ይመግቡታል፤ ውሻው ብቻ ይታሰር።