«ዛሬ በዚህች ቀን» ለምትሠሩ ልጆች

አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የአሜሪካን የሙዚቃና የፊልም ታሪክ ቀን እየጠበቀች በዩቲዩብ ታቀርባለች። «ጋሼ፣ ዊ አር ዘ ወርልድ የሚለው ዘፈን 40 ዓመት ሞላው ብዬ ልሠራ ነበር፤ ግን ሁሉም ሠርቶታል። ምን አዲስ ነገር አለው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሙዚቃ ሽልማት ነበር። ዘፋኞቹ ከዚያ ወደ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ሄዱ። በእኛ የ77ቱ ረሃብ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ዘፈኑም ለተራበው ሰው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። የሐሳቡ አፍላቂ ሃሪ ቤላፎንቴ፣ ዘፈኑን የጻፉት ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ናቸው። ቀረጻውን የመራው ፕሮዲውሰር ኩዊንሲ ጆንስ በር ላይ «ኩራታችሁን እዚሁ ተዉት» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ከ40 በላይ ታዋቂ ሰዎች እስኪነጋ ዘፈኑ። ቦብ ዲላን ብቻውን የሚዘፍናት ቦታ አልሆን ስትለው፣ ስቲቪ ዎንደር ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የዲላንን ድምፅ አስመስሎ ዘፈነለት። ለሰውዬው የራሱን ድምፅ አስጠናው እኮ! ስቲቪ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችንም ስቱዲዮ ይዞ መጥቶ ነበር። ዘፋኞቹን አመሰገኑ። እነሱን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

በፈረንጆቹ 2010፣ 25ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ ዋሽንግተን አካባቢ ለሐበሻው በሚተላለፍ ሬዲዮ እሠራ ነበር። ዘፈኑ ለሄይቲ እንደገና ተዘፍኖ ስለነበር ወሬው ትኩስ ነው። ሙዚቃ ያጠና እንግዳ ጠርቼ ደህና ፕሮግራም አዘጋጀሁ። ድምፅ የሚቆጣጠርልን ልጅ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ በነጻ ይሠራል። ከመስታወቱ ወዲያ ነው የሚቀመጠው። ዘፈኑ በገባ ቁጥር ሄድፎኑን አውልቆ አንገቱ ላይ ያደርገዋል። ዘፈኑ ሲያልቅ መልሶ ያጠልቀዋል። እስከዚያ የድምፅ መለኪያውን መብራቶች ብቻ እያየ ድምፁን ያስተካክላል። ጆሮው የደከመ መስሎኝ ነበር።

ፕሮግራሙ አልቆ ኬብል እየጠቀለለ፣ «ይሄ ሲዘፈን እኛ ኮረም መጠለያ ነበርን» አለኝ። ቀና እንኳ አላለም። ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን በ1984 ኦክቶበር በቢቢሲ ለዓለም ያሳዩት ያ ኮረም! ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ነበር። እህቱ አልተረፈችም። እኔ እንግዳ ፍለጋ ከተማውን ሳዳርስ፣ ሰውዬው በየሳምንቱ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ይለኝ ነበር።

«በሚቀጥለው እናወራለን» አልኩት። የሚቀጥለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆነ። ከዚያ ፋሲካ፣ ከዚያ የአገር ቤቱ ምርጫ። ልጁም ሥራ አግኝቶ ወደ ሲያትል ሄደ፤ ስልኩ አይሠራም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ምንጭ አጣሩ ምናምን አልላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ኤዲቲንጉን እኛ በሳምንት የማንጨርሰውን በስልክ ትጨርሱታላችሁ። ሰው ቤት መሄድ ላይ ግን ሰነፍ ናችሁ፤ ሁሉ ነገር ቴክስት ነው። ደግሞ ቀን ቆጥሮ ማክበር ብዙም አልወድም። ቀን ከሌለ ማንም አያስታውስም ትሉኛላችሁ፤ እሱም እውነት ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 1985፣ የፈረንጆቹ ስቅለት ዕለት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን በአንድ ሰዓት ለቀቁት። የሬዲዮ ሰው ነኝና ይህን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል።

ለማንኛውም፣ 77ን የሚያስታውስ ሰው በየቤታችሁ አለ። መጀመሪያ ቀን ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ። ቡና ጠጡ፤ ስለ ዘፈኑም አትጠይቁ፣ ብዙዎቹ ያኔ አልሰሙትም። ያኔ የት እንደነበሩ ጠይቁ። «አላወራም» ካሉ ተዉአቸው፤ አትጨቅጭቁ። ያን ጊዜ ስለ ዲላን ሥሩ።