የአንባቢያን ጥያቄ፦ ይሄ በርካሽ የተሰራ የጌይ ኮሜዲ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኮሌጅ የምትማር ልጅ አለችኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን በሳቅ ስትንከተከት ሰምቼ ምን እያየች ነው ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «በት አይም ኤ ቺርሊደር» የሚባል የ1999 ፊልም ነው። ቤቱ በሙሉ ሮዝ፣ አበባው ፕላስቲክ፣ ሰው ሁሉ እያጋነነ ነው የሚያወራው፣ ትወና ነው የሚባል ነገር አላየሁም። «አባ ይሄኮ ክላሲክ ነው» አለችኝ። ስለ ጌይነታቸው አይደለም የምጠይቅሽ፣ የሰው ኑሮ የራሱ ነው፣ ስራ ቦታም አብረን ነው የምንውለው። ያልገባኝ ኮሜዲው ነው። ብር አጥሯቸው ነው እንዲህ የሆነው ወይስ እኔ የሳትኩት ነገር አለ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ አይነት ፊልም ሲያጋጥመው አምስት ደቂቃ አይቶ ይዘጋዋል፣ እርስዎ ግን ቁጭ ብለው ልጅዎን ምን እንዳሳቃት ማወቅ ፈለጉ፣ ይሄ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብር ማጠሩም እውነት ነው፣ የሳቱት ነገር መኖሩም እውነት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው።

መጀመሪያ ከዛ ሮዝ ቤት እንጀምር። ሜጋን የ17 ዓመት ልጅ ናት፣ ቺርሊደር ናት፣ ማለትም የትምህርት ቤቷን የስፖርት ቡድን እየጨፈረች የምታበረታታ፣ ወላጆቿ «ይቺ ልጅ ሴት ነው የምትወደው» ብለው ይጠረጥሩና «ትሩ ዳይሬክሽንስ» ወደሚባል ማዕከል ይልኳታል፣ እዛ ታክማ እንድትመለስ። እዛ ያሉት ሴቶች ከራስ እስከ እግር ሮዝ ይለብሳሉ፣ ወንዶቹ ሰማያዊ። ሴቶቹ ወለል መወልወልና ዳይፐር መቀየር ይማራሉ፣ ወንዶቹ እንጨት መፍለጥና መኪና መጠገን። እና ጋሼ፣ ዳይሬክተሯ ጄሚ ባቢት አበባውን ፕላስቲክ ያደረገችው ሆን ብላ ነው፣ ማዕከሉ «እውነተኛ ሴት እንዲህ ናት፣ እውነተኛ ወንድ እንዲህ ነው» እያለ የሚያስተምረው ነገር ራሱ በፋብሪካ የተመረተ መሆኑን በዓይንዎ እንዲያዩት ነው። ያ ቤት የተለመደ ቤት ቢመስል፣ አበባውም ከጓሮ የተቀጠፈ ቢሆን ኖሮ ቀልዱ በቃ አልቆለት ነበር።

ሌላ ደሞ ወንዶቹን የሚያሰለጥነውን ማይክን ልብ ብለውት ከሆነ አላውቅም። እሱን የሚጫወተው ሩፖል ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የሴት ልብስ ለብሶ በመድረክ በመስራት ከሱ በላይ የታወቀ ሰው የለም፣ እና እዚህ ፊልም ላይ በተራ የወንድ ልብስ መጥቶ፣ ደረቱ ላይ «ስትሬት ኢዝ ግሬት» (ተቃራኒ ጾታ መውደድ ግሩም ነው) የሚል ቲሸርት ለብሶ፣ «እኔ ድኛለሁ» እያለ ልጆቹን ወንድነት ያስተምራል። ግን የግቢውን ጎረምሳ ባየ ቁጥር ዓይኑ ይቅበዘበዛል፣ አፉ ሌላ ዓይኑ ሌላ። ልጅዎ ሩፖልን አውቃው ነው ያደገችው፣ ስለዚህ ገና ብቅ ሲል ነው ሳቋ የሚጀምረው።

እዚህ ጋ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። እንዲህ አይነት ማዕከላት የፈጠራ ወሬ አይደሉም። ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባለው ትልቁ ድርጅት በ1976 ተመስርቶ ለአስርተ ዓመታት ጌይ የሆነን ሰው መቀየር ይቻላል ሲል ኖሮ በ2013 መሪው ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ነው የተዘጋው። እርስዎ ያሉበት ሜሪላንድም ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ይሄን «ህክምና» ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ እንዳይሰሩ በህግ የከለከለው በ2018 ነው፣ ፊልሙ ከወጣ ከ19 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ብዙ ልጅ በዚህ ነገር ተጎድቷል። አሳዛኝ ድራማ ይሰራበት ቢባል በቀላሉ ይሰራ ነበር፣ ግን እኔ እንደማምነው ድራማው ለልጅቷ ያስለቅስዎታል እንጂ አሰልጣኞቿን እንደ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው እንደፈሯቸው ነው የሚወጡት። ኮሜዲው ደግሞ ፍርሃቱን ነው የሚነጥቃቸው። አንዴ ሮዝ ለብሰው በሮዝ መጥረጊያ ሲንጎራደዱ ካየናቸው በኋላ ማን ይፈራቸዋል?

በጀቱን በተመለከተ፣ ይሄኛው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የፈጀው፣ በሆሊውድ ሚዛን ምንም ማለት ነው። ግን የእውነት ድህነት ማየት ከፈለጉ ከቤትዎ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላው ባልቲሞር ነው ታሪኩ። የሜጋንን እናት የምትጫወተው ሚንክ ስቶል የጆን ዋተርስ ቡድን ልጅ ናት፣ ዋተርስ ማለት በ1946 ባልቲሞር የተወለደ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ፊልም የሚሰራ ሰው ነው፣ ባቢት እሷን እናት አድርጋ ማስገባቷ ለሱ ያላት አክብሮት ነው ብዬ ነው የማየው። በ1972 የወጣው «ፒንክ ፍላሚንጎስ» ከ10 እስከ 12 ሺህ ዶላር ነው የፈጀው፣ አባቱ ባበደሩት ብር። ዋናዋ ገጸ ባህሪ የምትኖርበት ቤት አንድ አሮጌ ተጎታች ቤት ነው። እሷን የሚጫወተው ዲቫይን ነው፣ ትክክለኛ ስሙ ግሌን ሚልስቴድ፣ የዋተርስ የሰፈር ልጅ፣ ትልቅ ሰውነት ያለው ወንድ። የሜካፕ ባለሙያቸው ቫን ስሚዝ ለቅንድቡና ለዓይኑ ቀለም ቦታ አልበቃ ሲለው የፀጉሩን ግማሽ እስከ መሃል አናቱ ላጨለት። ያንን ፊት አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም፣ የወጣበት ነገር ደሞ አንድ ምላጭና ትንሽ ቀለም ነው።

ለምን ትልቅ ስቱዲዮ ሄደው አልሰሩም ይሉኝ ይሆናል። በሩ ዝግ ነበራ! የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ከ1934 ጀምሮ ይመሩበት የነበረው ደንብ ጌይ ሰውን ማሳየት ቀርቶ ፍንጭ መስጠትንም ይከለክል ነበር፣ ለሦስት አስርተ ዓመታት ገደማ። ከዛ በኋላም ሲታዩ ብዙ ጊዜ ወይ ወንጀለኛ ናቸው ወይ መጨረሻ ላይ ይሞታሉ። ሜሪላንድ ደሞ የራሷ የፊልም ሳንሱር ቦርድ ነበራት፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ መጨረሻ የተዘጋው እሱ ነው፣ እስከ 1981 ድረስ መቀሱን ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር። እንግዲህ ማንም በማይሰጥህ ብር፣ ማንም በማይፈቅድልህ ታሪክ፣ ከጓደኞችህ ጋር ስትሰራ የምታሳፍረው አለቃ የለህም፣ ስለዚህ ሁሉንም ታላግጥበታለህ፣ ቤተሰቡን፣ ፖሊሱን፣ ጨዋውን ጎረቤት፣ ራስህንም ጨምሮ። ብዙ ብር ያለው ፊልም ይሄን ነጻነት አያገኝም፣ ብር ያወጣው ሰው ይፈራላ።

ልጆች የእናታቸውን ነጠላ ተከናንበው ሰርግ ሲጫወቱ አይተው ያውቃሉ አይደል? ነጠላው ነጠላ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ግን የአማቲቱን አነጋገር፣ የሽማግሌውን አሳሳል እንዴት እንደሚይዙት! እንዲህ አይነት ፊልምም እንደዛ ነው የሚታየው። ትወናው የተጋነነው መተወን ስላልቻሉ አይደለም (አንዳንዶቹ የእውነትም አይችሉም ነበር፣ እሱን አልክድም)፣ ትልልቆቹ ሰዎች በየቀኑ የሚተውኑትን ጨዋነት አጉልተው እያሳዩን ነው።

በዚህ ረገድ እኔ በጣም የምወደው የ1981ዱን «ፖሊስተር»ን ነው። ዲቫይን እዚህ ላይ ፍራንሲን የምትባል ምስኪን የቤት እመቤት ነው የሚሆነው፣ ባሏ የወሲብ ፊልም ቤት አለው፣ ያማግጥባታል፣ ሰልፈኛ ደጇ ላይ ይጮኻል፣ ልጆቿ ከሷ አልፈዋል፣ መጠጥ ጀምራለች። በ1950ዎቹ ሆሊውድ ሴቶችን ያስለቅስባቸው የነበሩት የቤተሰብ ድራማዎች ላይ ነው የሚቀልደው። ያኔ ሲኒማ ቤት ተመልካቹ ሲገባ ቁጥርና ሽታ ያለው ካርድ ይሰጠው ነበር፣ ከ1 እስከ 10፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብልጭ ሲል ካርዱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ያሸታል። መጀመሪያ ጽጌረዳ ነው፣ ሰው ተታሎ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ ግን ፈስ፣ ሙጫ፣ ቤንዚን፣ ያረጀ ጫማ። ሙሉ አዳራሽ ሰው አፍንጫውን ይዞ እያጉረመረመ አሁንም ይፍቃል! ፍራንሲንን የሚያፈቅራት ቆንጆ ሰውዬ ሆኖ የመጣው ታብ ሃንተር ደሞ በ1950ዎቹ የአሜሪካ ኮረዶች ፎቶውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት የነበረ ኮከብ ነው፣ ጌይ መሆኑን በራሱ መጽሐፍ በግልጽ የጻፈው በ2005 ነው። ይሄን አውቄ ሳየው ዲቫይንን አቅፎ በሜዳው ሲሮጥ ሳቄ ይመጣል፣ ሆዴም ይባባል።

ጥያቄ፦ እኔ የምለው፣ እነዚህ ፊልሞች ጌይ ሰዎችን ራሳቸውን መሳቂያ አያደርጉም ወይ? ወንዱን ሴት አልብሶ፣ አስጩሆ… ሌላ ሰው ቢሰራው ስድብ ነው አይባልም? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ይባላል፣ ብዙ ጊዜም ስድብ ነው። ለየት የሚያደርገው ቀልዱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ወንድ ቀሚስ ስለለበሰ ብቻ ሳቁ የሚባል ፊልም እኔን አያስቀኝም፣ ሰነፍ ስራ ነው። ዲቫይን ሲመጣ ግን ፊልሙ ውስጥ ማንም «ይሄ ወንድ ነው» አይልም፣ እሷ ንግስት ናት፣ መሳቂያ የሚሆነው እሷን የሚንቃት ነው። ሁሉንም አወድሳለሁ ማለቴ ግን አይደለም። በ2000ዎቹ በዲቪዲ የጎረፉት የጌይ ኮሜዲዎች ውስጥ አብዛኛዎቹ የአልጋ ቀልድ ብቻ ናቸው፣ ወፍራሙንና አሮጌውን ያዋርዳሉ፣ በጀት ማነስን ሽፋን አድርገው ሳያስቡ የተሰሩ ናቸው። «ፒንክ ፍላሚንጎስ»ም ላይ በእውነተኛ ዶሮዎች ላይ የተሰራው ነገር ጭካኔ ነው፣ ቀልድ ብዬ አልቀበለውም።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነው ያለሁት። አውሮፓ ውስጥስ የለም? ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ አለ እንጂ! ስፔንን ልንገርሽ። አምባገነኑ መሪ ፍራንኮ በ1975 ሞተ፣ ጌይነትን የሚቀጣው ህግ የተነሳው በ1979 ነው፣ በዛን ሰሞን ማድሪድ ውስጥ ቀን ቀን ስልክ ኩባንያ ቢሮ የሚሰራ ፔድሮ አልሞዶቫር የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ብር አዋጥቶ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ በ16 ሚሊሜትር ካሜራ «ፔፒ፣ ሉሲ፣ ቦም»ን ቀረጸ፣ በ1980 ወጣ። ምስሉ ሻካራ ነው፣ ታሪኩ ይዘላል፣ ግን ከዛ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ አፉን የከፈተ ከተማ ጉልበት አለው። የፖሊስን ሚስት ታሪክ ብቻ እንኳን ብታዪ ማንን እንደሚቀልድበት ይገባሻል።

ለመጀመሪያ ግን «ሄርስፕሬይ»ን ነው የምመክርሽ፣ የ1988ቱን፣ ዋተርስ ራሱ የሰራውን። ለቤተሰብም ይሆናል። ባልቲሞር ውስጥ ነጭና ጥቁር ወጣቶች በአንድ ቲቪ ፕሮግራም ላይ አብረው እንዳይጨፍሩ ተከልክሎ በነበረበት ጊዜ ላይ የተመሰረተ ነው፣ ዲቫይን ልብስ ስትተኩስ የምትውል እናት ነው የሚሆነው። ፊልሙ ወጥቶ ሳምንታት ሳይቆይ፣ ዲቫይን በ42 ዓመቱ አረፈ። በ2002 ብሮድዌይ ላይ ሙዚቃዊ ቲያትር ሆኖ በዓመቱ 8 የቶኒ ሽልማት ሲወስድ እሱ አላየም፣ ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል። ከዛ «ቺርሊደር»ን፣ ከዛ «ፖሊስተር»ን እዪ። «ፒንክ ፍላሚንጎስ» ምንም እንኳን በ2021 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠብቃቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ቢገባም ለጀማሪ አይሆንም፣ መጨረሻው ላይ ዲቫይን የውሻ ዓይነ ምድር የምር ይበላል፣ ልጆች ባሉበት ፈጽሞ እንዳትከፍቺው። ደሞ የትኛውንም ብቻሽን በስልክ አትዪው፣ «ፒንክ ፍላሚንጎስ» ዝናውን ያገኘው ኒውዮርክ ኤልጂን ሲኒማ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ ሲታይ፣ ሰዉ እየተመላለሰ ንግግሩን በቃሉ አብሮ እያለ ነው። ሶስት አራት ጓደኛ ጥሪ፣ ድምጹን ከፍ አድርጉት።